ሃያ ስድስት ተገኝተዋል፣ አንድ አልተገኙም

ልብስ ሰፊዋን ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ያወጧት አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የሰልፍ ደወል ከመደወሉ በፊት ነው። ሁለት ፖሊሶች አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው በገመድ ጎተቷት። መጀመሪያ ያየቻት የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ከረቡዕ ጀምሮ በሚስማር ተቸንክሮ የነበረው በር ገርበብ ብሎ፣ አንድ የሴት ጫማ ደፉ ላይ ቀርቶ ስታይ ባልዲዋን ጥላ ጮኸች። የበሰበሰው የእንጨት ወለል መሃሉ ላይ ተሰብሮ ነበር።

ምርመራው የተሰጠው ባልደረቦቿ «ወንፊት» ለሚሏት ኢንስፔክተር ነው። ያልተነፋ ወሬ አትውጥም ብለው ያወጡላት ስም ነው፤ ስም ይወጣል ከቤት ይከተላል ጎረቤት እንደሚባለው ሰፈሩም በዚሁ ነበር የሚያውቃት። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች። እንዲህ ያለ ቦታ የተጣለ ግን አላየችም። ሽታው ጉሮሮዋ ድረስ ገብቶ አላስተነፍስ አላት። ቢሆንም ጎንበስ ብላ አየች።

ሐኪሙ እጁን ደጋግሞ እየታጠበ ነገራት። ሴትዮዋ የሞተችው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። ማጅራቷ ላይ ቀጭን ብረት ያሳረፈው ቁስል አለ፤ ወደ ጉድጓዱ ስትገባ ትንፋሿ አልነበረም። ወንፊት ወደ በሩ ዞረች። ሰባት ሚስማሮች ከእንጨቱ ተፈልቅቀው መሬት ላይ ወድቀዋል። የተፈለቀቁበት ቦታ ጠፍጣፋ ብረት ያረፈበት ምልክት ነበረው። ከበሩ ፊት አንድ ክንድ ያህል ቦታ ላይ ደግሞ ነጭ ኖራ ተበትኗል።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገባች፤ እዚያ ደግሞ ይበልጥ ቀፈፋት። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ መስኮቶቹ ላይ ወርቅማ መጋረጃ ተሰቅሏል። ጠረጴዛዎቹ ላይ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውኃ ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ በትልቁ «የባለድርሻ አካላት የበጀት ምክክር መድረክ» ይላል። ስብሰባው በሦስት ሰዓት ሊጀመር የነበረው እዚህ ነው። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት እንግዶች ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ። በእነሱና በጉድጓዱ መካከል ያለው ርቀት ሰማንያ እርምጃ አይሞላም።

የጣቢያው አዛዥ ጉዳዩን በልቡ ዘግቶት ነበር። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ በካቴና አስሮ ከዛፍ ሥር አስቀምጦታል። ሽማግሌው ከሟች ጋር ባለፈው ወር ሲጣሉ ሰው ሰምቷል፤ በሩን የቸነከረውም እሱ ነው፤ መዶሻና መንቀያ ያለው እሱ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ ማረፊያ ቤት ይወስደዋል አላት።

«እስከ ስድስት ሰዓት ስጠኝ» አለችው።

ዘበኛው ከሰባ ያላነሰ ሰው ነው። ካቴናው ለቀጭን አንጓው ሰፍቶት እየተንሸራተተ ያስቸግረው ነበር። ወንፊት አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«አባቴ፣ ከሴትዮዋ ጋር ለምን ተጣሉ?»

«ይህን በር ዝጋው ብላኝ ነው፣ ልጄ። የአራተኛ ክፍል ልጅ እግሯ በወለሉ ሰርጎ ተጎዳች። ሽንት ቤቱን ብዘጋ ልጆቹ የት ይሂዱ ብዬ ተከራከርኳት። ሐቅ ነበራት። ረቡዕ ማታ በሰባት ሚስማር ቸነከርኩት፤ ሽታው ቢቀንስ ብዬ ኖራም በተንኩበት።»

ሐሙስ አመሻሽ የት እንደነበር ጠየቀችው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ርእሰ መምህሩ ጠርቶ፣ ከማዶ ትምህርት ቤት ለስብሰባው ወንበር በጋሪ አምጣ ብሎ ላከው። ደርሶ ሲመለስ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። ወንበር እኮ ሞልቷል ብሎ ነበር፤ የሰማው ግን የለም። ወንፊት የዕቃ ቤቱን በር አስከፈተች። አርባ የሚሆን ወንበር እርስ በርሱ ተደራርቦ አቧራ ለብሷል።

የሟች እህት የልብስ ስፌት ቤቱ ደጃፍ ላይ ሜትሩን አንገቷ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። ሁለቱ እህትማማቾች አብረው ነው የሚሰፉት። መስታወቱ ላይ በሟች እጅ ጽሑፍ «አርብ ስብሰባ ስላለብኝ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እህትየዋ እንባዋ አልቆ ነበር፤ የቀረው ንዴት ብቻ ነው።

እህቷን ሰው ሁሉ «ጥያቄ አለኝ» ብሎ ይጠራት እንደነበር ነገረቻት። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለነበረች በየስብሰባው እጇን አውጥታ የምትጠይቀው ለአዲሱ ሽንት ቤት የተመደበው ገንዘብ የት እንደገባ ብቻ ነው፤ ለሦስት ዓመት ጠየቀች። ባለፈው ሳምንት ርእሰ መምህሩ በድብቅ የድሮ ቃለ ጉባኤዎች ቅጂ ሰጣት። ስታነብ የራሷን ስም አገኘች።

«ምን ይላል መሰለዎት? ‹የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አዲሱ ሽንት ቤት ተሠርቶ ልጆቻችን እየተገለገሉበት ስለሆነ እናመሰግናለን ብለዋል› ይላል። እህቴ ያንን አላለችም። ሽንት ቤቱም የለም። ‹ከሰረቁኝ ሁሉ ቃሌን መስረቃቸው ነው የከነከነኝ› አለችኝ። ዛሬ በእንግዶቹ ፊት ልታነበው ነበር።»

«ትናንት ስትለያዩ ምን አለችሽ?»

«አሥር ሰዓት ተኩል አካባቢ ስልክ ተደወለላት። ደስ ብሏት ተነሣች። ‹በመጨረሻ አንድ አይቶት የማያውቅ ሰው በዓይኑ ሊያየው ነው› ብላኝ ሄደች። ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ስፌት ላይ ነበርኩ።»

ወንፊት ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ በቀስታ ላጠችውና ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው።

ርእሰ መምህሩን ቢሮው ውስጥ ላብ አጥምቆት አገኘችው። ቃለ ጉባኤውን ለሟች የሰጠው እሱ እንደሆነ ብዙ ሳይገፋ አመነ። ሕሊናው አላስተኛው ብሎ ነው የሰጣት። ግን ረቡዕ ጠዋት ፍርሃት ያዘውና ወረቀቱ በእጇ እንዳለ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነገረ። ሐሙስ ደግሞ ኃላፊው ደውሎ ዘበኛውን ወንበር አስመጣው አለው፤ እሱም አስመጣ።

«ወንበር እንዳለ እያወቅክ?»

«የበላይ ትእዛዝ ነው፣ ኢንስፔክተር። ለምን ብዬ ልጠይቅ?»

በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው የሚነጥቅ ሰው ነው ብላ አሰበች፤ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥ መቆምን መረጠች። በየቀኑ የሚያስተምርበት ግቢ ውስጥ ያለውን ጉድጓድ በየቀኑ አይቶታል። አይቶ ዝም ብሏል።

የጽሕፈት ቤቱ የእቅድና በጀት ባለሙያ ቀጭን፣ ከሠላሳ ብዙም ያላለፈ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ «ማስመሪያ» ይለዋል፤ መስመር የሌለበት ወረቀት ላይ እንኳ ቀጥ አድርጎ ይጽፋልና። ወረቀት አይጥልም፤ የተበላሸውን ረቂቅ ሳይቀር በቀኑ አስሮ ያስቀምጣል። ከሦስት ዓመት በፊት ለዲዛይን ተብሎ ጉድጓዱን በሜትር የለካው እሱ ነበር። ወንፊት የተጋባዦችን ስም ዝርዝር ጠየቀችው። እሱም ፋይሉን ዘረጋላት። ከስም ዝርዝሩ በታች በንጹሕ የታተመ ሰነድ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የዛሬው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው።»

«ስብሰባው ተካሄደ እንዴ?»

«ገና ነው።»

ማፈሩን ልታይ ፊቱን ጠበቀችው። አላፈረም። አሠራራችን ነው አላት። ሰዎቹ መጀመሪያ የስም መቆጣጠሪያው ላይ ይፈርማሉ፤ ፊርማው ከተዘጋጀው ቃለ ጉባኤ ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ ውኃ ጠጥተው፣ ንግግር ሰምተው ይሄዳሉ። ሰው የሚናገረው ረዘም ያለና የተምታታ ስለሆነ፣ ቀድሞ መጻፉ ጊዜ ይቆጥባል።

ወንፊት አነበበች። «ተሳታፊዎች በቀረበው የበጀት እቅድ ላይ በጥልቀት ከተወያዩ በኋላ በሙሉ ድምፅ አጽድቀውታል።» ከላይ ደግሞ «የተገኙ፦ ሃያ ስድስት። ያልተገኙ፦ አንድ፤ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ» ይላል።

«መቼ አተምከው?»

«ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

ወንፊት የሦስቱን ዓመት ቃለ ጉባኤና ረቂቆቹን ሁሉ እንዲያመጣላት አዘዘች። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጣ ገጽ በገጽ ስትነፋ ቆየች። አንዳንዱ ቦታ ላይ ሳታስበው ከንፈሯን በመዳፏ ትጠርግ ነበር። ጓሮው ያለው ቆሻሻ ቢያንስ ቆሻሻ ነኝ ይላል። ይህኛው ማኅተም ተመትቶበታል።

ኃላፊውን የመጨረሻ አደረገችው። ትህትናው የበዛ፣ ሸሚዙ የነጣ ሰው ነው። የደረት ኪሱ ላይ አረንጓዴ እስክሪብቶ ሰክቷል፤ በጽሕፈት ቤቱ ከእሱ በቀር በአረንጓዴ የሚጽፍ የለም። ስለ ሟች ብዙ አዘነ። እንዲህ ያለች ታታሪ እናት ማጣት ለትምህርቱ ዘርፍ ጉዳት ነው አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዘበኛው ድሮም ግድ የለሽ እንደነበር አነሣ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው ብላ በሆዷ ታዘበችው።

«ጓሮውን አይተውታል?» አለችው።

«እውነቱን ለመናገር እግሬን አንስቼ ሄጄ አላውቅም። ሪፖርቱን ነው የማነበው። ዛሬም ሽታውን ስለማልችል ከአዳራሹ አልወጣሁም።»

«ትናንት የጽሕፈት ቤቱን መኪና ማን ነዳው?»

«እኔ። ለሹፌሩ ፈቃድ ሰጥቼው ነበር።»

አመስግናው ወጣች። በቀጥታ ወደ መኪናው ሄዳ የሹፌሩን በር አስከፈተች። ጎንበስ ብላ የፍሬኑን መርገጫ አየች። የኋላውን ክዳንም አስከፈተች። ከዚያ ለአዛዡ፣ የተጠሩት ሁሉ አዳራሽ ይግቡ፣ ዘበኛውም ይምጣ አለችው። አምስት ሰዓት ከሃያ ሆኖ ነበር።

ሁሉም ተቀመጡ። ዘበኛው ከነካቴናው ከኋላ ቆመ። የሟች እህት ከእሱ አጠገብ ቆመች፤ ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም። ወንፊት ከፊት፣ ከፕላስቲክ አበባው አጠገብ ቆማ ቃለ ጉባኤውን ከፍ አደረገች።

«ይህ እዚህ ገና ያላደረጋችሁት ውይይት ነው። በጥልቀት ተወያይታችኋል፤ በሙሉ ድምፅም አጽድቃችኋል። የተጻፈው ትናንት ነው። እያንዳንዳችሁ ዛሬ ጠዋት ፈርማችሁለታል።»

አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«መጀመሪያ በዘበኛው እንጀምር። ባለሙያ ሰው የቸነከረውን በር ሲነቅል በመንቀያ በአንድ ጊዜ ያወጣዋል። የዚህ በር እንጨት ግን በጠፍጣፋ ብረት ተበጣጥሷል። መንቀያ ያለው ሰው በዚያ አይታገልም። ደግሞስ በዚያ ሰዓት ዘበኛው በጋሪ ወንበር እየጎተተ ነበር፤ ዕቃ ቤቱ በወንበር ተሞልቶ እያለ። ሊያርቁት የፈለጉት ሰው ነበር ማለት ነው።»

ርእሰ መምህሩ ወለሉን አየ።

«ሁለተኛ፣ ሟች ደስ ብሏት ነው የሄደችው። ‹አይቶት የማያውቅ ሰው ሊያየው ነው› አለች። ርእሰ መምህሩ በየቀኑ ያየዋል። ባለሙያው ለክቶታል። ዘበኛው ቸንክሮታል። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ጓሮውን አይቼው አላውቅም ብሎ በገዛ አፉ የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ኃላፊው እጁን ከፍ አደረገ። «ይቅርታ፣ ኢንስፔክተር። ይህ ጉዳይ በአጀንዳው ላይ የለም።»

ወንፊት ለአፍታ አየችው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ተብላለች፤ ይህን ግን ሰምታው አታውቅም።

«አጀንዳው ላይ አለ» አለች። «ተመልከቱ፤ ‹ያልተገኙ፦ አንድ›። የታተመው ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሴትዮዋ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከእህቷ ጋር እየሰፋች ነበር። ነገ አልገኝም አላለችም፤ ሱቋንም ዝግ ነው ብላ ለጥፋለች።» ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየች። «ታዲያ እንደማትገኝ በዘጠኝ ሰዓት ማን አወቀ?»

«አሞኛል ብላ ደውላልኝ ነበር» አለ ኃላፊው ቶሎ ብሎ። «በዚህ ምክንያት ነው ያስቀረኋት።»

«እሺ፣ ደወለች እንበል። አሁን ደግሞ የባለፉትን ሦስት ዓመታት ቃለ ጉባኤ ተመልከቱ። በሦስት ዓመት ውስጥ ቀርቷል ተብሎ የተጻፈ ሰው አንድም የለም። የታመመው ተገኝቷል። አገር የለቀቀው ተገኝቷል። እንጨት ነጋዴው በኅዳር ሞተው፣ በጥር ‹ገንቢ አስተያየት ሰጥተዋል› ተብሎ ተጽፏል። በዚህ መሥሪያ ቤት ሞት እንኳ ከስብሰባ አያስቀርም። ታዲያ ጉንፋን የያዛትን አንዲት ልብስ ሰፊ ምን ብላችሁ አስቀራችኋት?»

ሁለቱ እንግዶች ሰዓታቸውን ማየት ተዉ።

«መልሱ ቀላል ነው። የሌሎቹን መቅረት ማንም አይመረምርም። የእሷን ግን ፖሊስ እንደሚመረምር አንድ ሰው ያውቅ ነበር። አርብ ጠዋት ሬሳዋ ተገኝቶ፣ አርብ ጠዋት አመሰገነች የሚል ቃለ ጉባኤ ፖሊስ እጅ ቢገባ ሦስት ዓመት የቆየው ውሸት ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ በውሸት በተሞላ ወረቀት ላይ አንዲት እውነት አስገባ። ያቺው እውነት አጋለጠችው።»

ወደ ማስመሪያ ዞረች። «ረቂቁን አሳያቸው።»

ማስመሪያ ፋይሉን ፈታ። ረቡዕ የጻፈው ረቂቅ ላይ «የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ አመስግነው ደግፈዋል» ይላል። መስመሩ በአረንጓዴ ተሠርዟል፤ ጠርዙ ላይ በአረንጓዴ «አልተገኙም» ተብሎ ተጽፏል፤ ሃያ ሰባት የነበረውም ሃያ ስድስት ሆኗል። ሐሙስ ጠዋት እንዲህ ሆኖ ተመለሰለት አለ። ለምን ብሎ አልጠየቀም። እሱ የሚጠይቀው የመስመሩን ቀጥታነት ብቻ ነው።

«የቀረው ኖራው ነው» አለች ወንፊት። «ዘበኛው ረቡዕ ማታ ደጃፉ ላይ በትኖታል። እግሬን አንስቼ ሄጄ አላውቅም ያሉት ሰውዬ የፍሬን መርገጫቸው ላይ ኖራው ደርቆ ተጣብቋል። ከኋላ ያለው የጎማ መፍቻ ብረት ታጥቧል፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ አቧራ ለብሶ እሱ ብቻ ታጥቧል። በእሱ ነው በሩን የፈለቀቁት። ‹ነይ፣ አሳዪኝ› ብለው ደወሉላት፤ እሷም ልታሳይ ጎንበስ አለች።»

ኃላፊው ተነሣ። የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። የተናገረው ለእሷ ሳይሆን ከፊት ለተቀመጡት ሁለት እንግዶች ነበር።

«የመሥሪያ ቤቱን ስም ልታጠፋ ነበር» አላቸው። «እኔ የተቋሙን ገጽታ ነው የጠበቅኩት።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳያውቀው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ያ ለወንፊት ከጠዋቱ ሽታ የባሰ ነበር።

አዛዡ ካቴናውን ከዘበኛው እጅ ፈትቶ ኃላፊው ላይ አሰረው። ልኩ ሆነ። ሽማግሌው አንጓውን እያሻሸ ወጣ። ሰዎቹም ለመሄድ ተነሡ። ቦርሳ የያዘ አንድ ጎልማሳ ወደ ማስመሪያ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «የፈረምነው ይቆጠራል አይደል?» ሲል ወንፊት ሰማችው።

«ሂዱ አላልኩም» አለች። «ተከተሉኝ።»

ሁሉንም በሰልፍ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው፤ ሁለቱን እንግዶች ጭምር። አፍንጫቸውን በመሐረብ፣ በኮት ክንፍ፣ ያልታደሉት በመዳፋቸው ይዘው አንድ በአንድ በበሩ አጠገብ አለፉ። ዝንቡ ፊታቸው ላይ ያርፍ ነበር። አንዱ ግድግዳ ተደግፎ አስመለሰው። ዘበኛው ከመሬት ሰባቱን ሚስማሮች ለቅሞ፣ መዶሻውን ይዞ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ በሩ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። የሟች እህት ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ እያንዳንዳቸውን ፊት ፊታቸውን ታይ ነበር።

ማስመሪያ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ወንፊት አዲስ ቃለ ጉባኤ ጻፍ፣ ያየኸውን ብቻ ጻፍ ብላው ነበር። የተገኙትን ቆጥሮ ጻፈ። ምን እንዳዩ ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን አቁሞ ቀና ብሎ አያት።

«የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ምን አሉ ብዬ ልጻፍ?»

«ያሉትን።»

«ዛሬ ምንም አላሉም።»

«እንግዲያው ቦታውን ባዶ ተወው።»

ማስመሪያ ስሟን ጻፈ፤ ከስሟ ቀጥሎ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተወ። እጁ ከልማድ የተነሣ ወደዚያ ባዶ ቦታ ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ከኋላቸው ዘበኛው የመጀመሪያውን ሚስማር መታ።